ቅርንጫፉ ምን ያወርሳል?

የኔትወርክ መከታተያችንን እይልን ተብዬ ስጠራ ግራፉን አልፌ የዕቃዎቹን ዛፍ እከፍታለሁ። ራውተሩ፣ ስዊቹ፣ ሰርቨሩ በየትኛው ግሩፕ እንደተቀመጠ ካየሁ፣ ሥራው ታስቦበት ይሁን በጥድፊያ የተለቀቀ ይገባኛል።

ከግሩፖቹ አንዱን እመርጥና፣ ይህ ለልጆቹ ምን ያወርሳል ብዬ እጠይቃለሁ። ፒአርቲጂ በተባለው የመከታተያ ሶፍትዌር ከላይ የተሞላው ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል፦ የመግቢያ ስሙና ፓስዎርዱ፣ በየስንት ሰከንዱ እንደሚጠየቅ፣ ማን ማየት እንደሚችል፤ ከግሩፕ ወደ ዕቃ፣ ከዕቃ ወደ ሴንሰር። ሠሪው ውርሱን በየዕቃው ላይ ቆርጦ ሁሉንም በእጁ ከሞላ ዛፉ ሥዕል ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ዕቃዎቹ የሚጠየቁበት የኤስኤንኤምፒ ቁልፍ የተቀየረ ዕለት አንድ በአንድ ሲከፍታቸው ይውላል። እኔን ደስ የሚለኝ ውርሱ የተቆረጠባቸው ቦታዎች በጣት የሚቆጠሩበት፣ የተቆረጠበትም ምክንያት እዚያው ተጽፎ የሚገኝበት ዛፍ ነው።

ዛቢክስ የተባለው ሌላው መከታተያ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። እዚያ ተዋረዱ ያለው በስሙ ውስጥ ነው፤ «ባሕር ዳር/ሰርቨር» ተብሎ ሲጻፍ ልጅነቱን የምታሳየው እዝባሯ ናት። «ባሕር ዳር» የሚለውን ወላጅ ግን ሠሪው ራሱ መፍጠር አለበት። ወላጁ ቀድሞ ካለ አዲሱ ልጅ የተጠቃሚዎችን ፈቃድ ከእሱ ይወስዳል። ልጁ ቀድሞ ወላጁ ከተከተለ ግን ወላጁ ያለ ምንም ፈቃድ ይቆማል። ስለዚህ ፈቃዶቹን በማየት ብቻ ዛፉ ከላይ ወደ ታች ታቅዶ ይሁን እንደ ነገሩ ከታች የተቀጣጠለ መገመት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2022 ከወጣው ዕትም 6.2 ወዲህ የቴምፕሌት ግሩፖች ከዕቃዎቹ ግሩፖች ተለይተዋል፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ዛፍ ላይ ሁለቱ ተደባልቀው ብታገኙ ሠሪውን አትውቀሱት።

ቀጥሎ ስሞቹን አነባለሁ። በሰው ስም የተሰየመ ግሩፕ ሰውየው ሥራ የለቀቀ ቀን ትርጉሙን ያጣል። እኔ ከላይ ቦታ፣ ከሥሩ የዕቃው ዓይነት እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ ሕንፃ እንደ ክፍል ስም በየጊዜው አይለዋወጥም፣ ሌሊት የሚላከው ባለሙያም የሚሄደው ወደ ቦታ ነው። ዛቢክስ አንዱን ዕቃ በብዙ ግሩፕ ስለሚያስገባ ሁለቱን አመዳደብ ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል። ፒአርቲጂ ላይ ግን ዕቃው አንድ ቦታ ብቻ ነው የሚቀመጠው፤ ሌላውን መለያ ታግ ይሸከመዋል። «ልዩ ልዩ» የሚል ግሩፕም ካለ ሳልከፍተው አላልፍም። ሦስት ዕቃ ካለበት ይሁን፤ ሠላሳ ከሆነ ግን ምደባው መሃል ላይ ተትቷል።

ብዙ ጥሩ ባለሙያ የሚሳሳተው የቦታን ዛፍና የኬብልን መንገድ አንድ አድርጎ ሲያስብ ነው። ናጊዮስ የሚባለው መከታተያ ሁለቱን ጥሩ አድርጎ ለይቷቸዋል፤ ግሩፑ ለብቻው ሆኖ እያንዳንዱ ዕቃ በማን በኩል እንደሚደረስበት «ወላጁ» ተብሎ ይመዘገባል። ራውተሩ ሲወድቅ ከኋላው ያሉት «ወድቀዋል» አይባሉም፣ «አይደረስባቸውም» ይባላሉ። እንዲህ ያልተሠራበት ቦታ ተረኛ ሆኜ አውቃለሁ። አንዲት ራውተር መብራት ጠፍቶባት ስልኬ እስኪነጋ ሲጮህ አደረ፤ ከመልእክቱ ክምር ውስጥ እውነተኛዋን ለማግኘት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ።

በመጨረሻ አዲስ የተቀጠረውን ልጅ እጠራና፣ «ቅዳሜ የዚህ ሕንፃ ዕቃዎች ለጥገና ይጠፋሉ፤ አላርማቸውን ብቻ ዝም አሰኝልኝ» እለዋለሁ። አንዱን ግሩፕ መርጦ አንዴ ካቆመና ከሌላ ሕንፃ ምንም አብሮ ካልቆመ፣ የሠሪውን ስም ጠይቄ ሰላምታ እልክለታለሁ።