ሶለል በቆቦ፤ አደባባዩና መድረኩ

ቆቦ ከወልድያ በስተ ሰሜን፣ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የራያ ሜዳ የገበያ ከተማ ናት። ማሽላና ጤፍ እያረሰ የሚኖረው የአካባቢው ሕዝብ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት ሆኖ የኖረ ሲሆን፣ አገሩም አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ ለብዙ ዘመን የተገናኙበት ነው። በዚች ከተማና በዙሪያዋ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ማለትም ከነሐሴ 16 እስከ 21 ቀን ድረስ፣ ሶለል የተባለው የልጃገረዶች ጨዋታ ይከበራል። በዓሉ በሰቆጣ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በትግራይ አሸንዳ ከሚባሉት ጋራ የአንድ ቤተ ሰብ ነው።

ስለ በዓሉ መነሻ የሚሰጠው ትርጓሜ ልዩ ልዩ ነው። አንዳንዱ ከእመቤታችን ዕርገት፣ አንዳንዱ ለኖኅ የለመለመ ቅጠል ይዛ ከተመለሰችው ርግብ፣ አንዳንዱም ከዮፍታሔ ልጅ ታሪክ ጋራ ያያይዘዋል። ከነዚህ አንዱን መርጦ ማጽናት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። እዚህ የሚመረመረው ሶለል ከሰፈር ወጥቶ በባንዲራና በድምፅ ማጉያ ወዳጌጠው መድረክ ሲመጣ ምን እንዳተረፈና ምን እንደ ጎደለው ነው።

በመጀመሪያ የጨዋታውን ሥራ ማየት ያስፈልጋል። ልጃገረዶቹ በየሰፈራቸው ይሰባሰባሉ፤ ጠጉራቸውን ይሠራሉ፤ ኩል ይኳላሉ፤ ጥልፍ ቀሚስ ለብሰው ድሪና ዶቃ ያደርጋሉ። ከዚያም ከበሮ ይዘው ከቤት ወደ ቤት ይሄዳሉ። አንዲቱ ታወጣለች፤ ሌሎቹ ያጨበጭባሉ፣ ይቀበላሉም። የቤቱ ባለቤት ወጥቶ ያያቸዋል፤ ስጦታ ይሰጣል፤ እነርሱም መርቀው ይሄዳሉ። ስለዚህ በጨዋታው ውስጥ ተመልካች ብቻ የሆነ ሰው የለም። ባለቤቱ በግጥሙ ውስጥ ስሙ ይነሣል፤ ለጋስ እንደ ሆነ ይወደሳል፤ እጁ ያጠረ እንደ ሆነ ደግሞ በቀልድ ይነካል። በሌላ ጊዜ በታላላቆች ፊት ዝም እንድትል የምትጠበቅ ልጅ በነዚያ ቀኖች የአባቶችን ደጅ ከፍታ የመናገር መብት አላት። የሶለል ትያትርነቱ በዚህ ላይ ነው፤ መጋረጃው የጎረቤት በር፣ ተዋናዩም መላው ሰፈር ነው።

በቅርብ ዓመታት የተለመደው ሕዝባዊ አከባበር ከዚህ ይለያል። የሰፈር ቡድኖች ወደ አንድ አደባባይ ይጠራሉ፤ የክብር እንግዶች በዳስ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ንግግር ይደረጋል፤ ቡድኖቹም ተራ በተራ ወጥተው ይጫወታሉ። ለዓይን ያማረ ነው። ሆኖም በድምፅ ማጉያው ፊት የምትቆመው ልጅ ለማንም ቤት አትዘፍንም። ግጥሟ አስቀድሞ የተጠና ነው፤ የምታወድሰው አገርን በጠቅላላው ነው፤ ንፉግ ብላ የምትነካው ሰው አይገኝም። በረንዳው ላይ ቆሞ መልስ ይሰጥ የነበረው ጎረቤትም ከገመድ ወዲያ ቆሞ የሚያይ እንግዳ ሆኗል።

ይህ ለውጥ በሶለል አልተጀመረም። በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር በአዲስ አበባ ሲቋቋም አዝማሪዎች ሕዝቡን ለመቀስቀስ በአደባባይ ይዘፍኑ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትር ቤት፣ የዛሬው ብሔራዊ ትያትር፣ ሲከፈት መብራትና የተደረደረ ወንበር ያለው አዳራሽ ለአገሩ ጥበብ ትልቅ ክብር ሆኖ ታየ። ክብሩ እውነተኛ ነው። ዳሩ ግን በጠጅ ቤት አድማጩ ግጥም ይሰጥ፣ አዝማሪውም ተቀብሎ ይዘፍን ነበር፤ ወንበሩ በተደረደረበት አዳራሽ ግን አድማጩ የሚሰጠው ጭብጨባ ብቻ ሆነ። የወሎ ቅኝቶች፣ ትዝታና አምባሰል፣ ባቲም ጭምር፣ በመድረኩ አማካይነት መላው ኢትዮጵያ የሚያውቃቸው ሆነዋል፤ የመልስ ግጥሙ ልማድ ግን ከመድረኩ በታች ቀረ።

ከዚህም የቀረበ ምሳሌ አለ። የሀገር ፍቅር ትያትር በሚገኝበት በፒያሳ፣ በ2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት በአካባቢው የነበሩ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወሩ። መንገዱ ሰፍቷል፤ መብራቱም ደምቋል። በዓል በሚሆንበት ቀን በዚያ የሚሰበሰበው ሕዝብ ብዙ ነው። ነገር ግን ለበዓል የመጣ ሕዝብና በሰፈሩ የሚኖር ሕዝብ አንድ አይደሉም። ትያትር ያለበት ሰፈር ታደሰ ለማለት ሕንፃውና ጎዳናው ብቻ አይበቁም፤ በማግስቱ በዚያው ጎዳና የሚተላለፍ፣ ተዋናዩን በስሙ የሚጠራ ጎረቤት ያስፈልጋል።

በቆቦ ነገሩ ከዚህ ይልቅ ይከብዳል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከተማዪቱ በጦርነቱ ምክንያት በትግራይ ኃይሎች እጅ ነበረች። በ2014 ዓ.ም. በሶለል ሳምንት ውስጥ፣ ነሐሴ 18 ቀን፣ ውጊያው በቆቦ አካባቢ እንደ ገና ተነሣ፤ ነሐሴ 21 ቀን፣ በበዓሉ መጨረሻ ዕለት፣ የፌዴራል መንግሥት ሠራዊቱ ከከተማዪቱ መውጣቱን አስታወቀ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ነገር ግን ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተነሣው ሌላ ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ስለዚህ የሶለል ወር ሦስት ዓመት በተከታታይ የመጣው በሥጋት ውስጥ ነው።

የመድረኩ ጥያቄ ክብደቱ ከዚህ የተነሣ ነው። አንድ መድረክ በአንድ ቀን ይሠራል፤ በወታደር ጥበቃም በዓል ማድረግ ይቻላል። ከቤት ወደ ቤት የሚሄድ ጨዋታ ግን እንዲህ አይሠራም። እናት ልጇን ወደ ጎረቤት ደጅ ለመላክ መንገዱን ማመን አለባት፤ ባለቤቱም የበሩን መንኳኳት ሲሰማ ሳይደነግጥ መክፈት አለበት። ይህ ባልተመለሰበት አገር መድረኩ ብቻውን ደምቆ ቢታይ፣ በዓሉ ተመለሰ የሚለው ቃል ከእውነቱ ይቀድማል።

የመድረኩ ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ክርክር ግን ቸል የሚባል አይደለም። ለልጃገረዶቹ የተሻለ ጥበቃ አለ፤ ከከተማዪቱ ርቀው የሚኖሩ ተወላጆች በዓሉን ያያሉ፤ ሸማኔውና ጥልፍ ጠላፊዋ ገበያ ያገኛሉ። ከዚህም በላይ መስቀል በ2006፣ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ከገቡ ወዲህ፣ የአደባባይ በዓላት በዓለም ፊት መታወቅን መመኘታቸው የሚያስነቅፍ አይደለም። ጉድለቱ መድረክ በመኖሩ ሳይሆን፣ መድረኩ የስድስቱን ቀን ሁሉ ትርጉም ጠቅልሎ በመውሰዱ ነው። አንዱ ቀን ለአደባባይ ቢሰጥ፣ አምስቱ ለሰፈር ቢቀሩ ሁለቱ አይጣሉም። በአደባባዩም ቢሆን አውጪዋ በፊቷ የተቀመጠውን ባለ ሥልጣን በስሙ ጠርታ እንድታወድሰው ወይም እንድትነካው ቢፈቀድላት፣ የጨዋታው ነፍስ ከገላው ጋራ ወደ መድረክ ይወጣ ነበር።

ለባህል ተማሪዎችም ከዚህ የሚገኝ ትምህርት አለ። ካሜራውና መቅጃው ብዙ ጊዜ የሚዞረው ወደ ልጃገረዶቹ ልብስና ጠጉር ነው። የባለቤቱ መልስ፣ የስጦታው ዓይነት፣ ምርቃቱ፣ ሳቅ ያስነሣው ነቀፌታ ሳይጻፉ ይቀራሉ። የአውጪዋን ቃል ብቻ ይዞ የደጁን መልስ የተወ መዝገብ የንግግርን እኩሌታ ብቻ የያዘ ነው፤ ከዓመታት በኋላ የሚያነበውም ሰው ሶለልን የመድረክ ዘፈን አድርጎ ያውቀዋል።

እንግዲህ የቆቦ ሶለል መታደስ የሚመዘነው በአደባባዩ በተሰበሰበው ሕዝብ ብዛት ወይም በድምፅ ማጉያው ርዝመት አይሆንም። መለኪያው ቀላል ነው፤ ከበሮ የያዙት ልጆች በነሐሴ 16 ጧት ስንት ደጅ አንኳኩ፣ ስንቱስ ተከፈተላቸው።