ቫይታሚን ወጣቶችን ከድብርት ይጠብቃልን?
በሆሳዕና፣ በዱራሜና በአካባቢው ከተሞች የምንሠራ የጤና ባለሙያዎች፣ ለድብርት ለተጋለጠ ወጣት መከላከያ ብለን ቫይታሚን ከማዘዛችን በፊት ማስረጃውን መመዘን ይገባናል። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመው የ«ሙድፉድ» ጥናት በአራት የአውሮፓ አገሮች 1,025 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። ፎሊክ አሲድ፣ ቫይታሚን ዲ፣ ካልሲየም፣ ሰሊኒየምና ኦሜጋ 3 የተሰጣቸው ተሳታፊዎች በድብርት የመያዛቸው መጠን ፕላሴቦ ከተሰጣቸው አልቀነሰም።

እርግጥ ነው፣ ተሳታፊዎቹ ክብደታቸው ከመጠን ያለፈ፣ አብዛኞቹም ጎልማሶች ነበሩ። ፕሮቲኑ አነስተኛ የሆነውን ቆጮ አዘውትሮ የሚመገበውን የእኛን ወጣት አይወክሉም። ይህ የጥናቱ ጉድለት ነው፤ ነገር ግን ያለ ማስረጃ ለማዘዝ ፈቃድ አይሆንም። የደም ማነስ ወይም የቫይታሚን እጥረት ሲገኝ እጥረቱ ራሱ ይታከም፤ ድብርትን ይከላከላል የሚል ተስፋ ግን አይሰጥ።

ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመሰደድ ቤተሰቡ ዕዳ የገባለትን ወጣት፣ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ጭንቀቱና ራሱን ስለ ማጥፋት ሐሳብ መጠየቅ ይቀድማል። ይህን ሳንጠይቅ እንክብል ሰጥተን ብናሰናብተው፣ ቤተሰቡ «ታክሟል» ብሎ ይዘናጋል፤ አደጋውም ሳይታይ ይቀራል።