ከላይ ወደ ታች
ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር በሚወርደው ቸርችል ጎዳና በቆመች ላዳ ሥር የዘይት ጠብታ ቢታይ፣ ዘይቱ የሚወጣው ከጠብታው ትክክል ላይሆን ይችላል። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ ሲነዳ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ቁልቁለቱም የራሱን ይጨምራል። እኔ የማደንቀው መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ሞተሩን የሚያጥበውን መካኒክ ነው። ያደርቀዋል፣ መኪናዋን ጥቂት ያስነዳል፣ ከዚያ ባትሪ እያበራ ከላይ ጀምሮ ይፈልጋል። ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ፣ ኮፓው፣ በዘይት ቢጨማለቅም አይቸኩልበትም። ብዙ ጊዜ ከሞተሩ አናት፣ ከቴስታታው ክዳን ጠርዝ ሥር ቀጭን፣ ገና አቧራ ያልያዘው፣ የሚያብረቀርቅ መስመር ያገኛል። ሞተር ሳይወርድ ይህን ማየት ለባለ ታክሲው ስንት የሥራ ቀን ያተርፍለታል! በጣቱ ይዳስሰዋል፣ ያሸተዋል። መሬት ላይ ያለው ጠብታ የፍሬን ዘይት ሆኖ ከተገኘ ግን መኪናዋን ከቆመችበት አያስነሳትም፤ ከፊቷ ቸርችልን የሚያህል ቁልቁለት አለ።