የአምስት ደቂቃ ተረብ

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ዱፖንት ሰርክል፣ ነጩ የእብነ በረድ ፏፏቴ ካለበት አደባባይ የቼዝ ጠረጴዛዎች አሉ። ሥራ ስጨርስ መኪናዬን ካቆምኩ በኋላ እግሬ የሚወስደኝ ወደዚያ ነው። ለእያንዳንዳችን አምስት ደቂቃ ይሞላል፣ ብዙ ጊዜ አምስት ዶላር እናስይዛለን፣ ሰዓቱ ይመታል። ከዚያ በኋላ ሁለት ጨዋታ አብሮ ይሄዳል፤ አንዱ በእጅ፣ አንዱ በአፍ። ስለ እጁ ብዙ መጽሐፍ ተጽፏል። እኔ መናገር የምፈልገው ስለ አፉ ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ስማረው የኖርኩት ሙያ እሱ ነውና።

ወሬ ጊዜ ይበላል። ሙያው የማንን ጊዜ እንደሚበላ ማወቅ ነው። ጀማሪ በራሱ ደቂቃ ያወራና የሰዓቱ ባንዲራ ይወድቅበታል፤ ጊዜው አለቀ ማለት ነው። የለመደ ሰው ግን መጀመሪያ አስቦ ይጨርሳል፤ አፉን የሚከፍተው ፈረሱን ሲያነሣ ነው፤ ሰዓቱን ሲመታ ዓረፍተ ነገሩ ገና መሃሉ ላይ ነው። ቀሪው ግማሽ የሚነገረው በተጋጣሚው ደቂቃ ነው። በጥያቄ ካለቀ ደግሞ የበለጠ ይይዛል፤ ሰው ተጠይቆ ዝም ማለት ይከብደዋል።

ይህን የተማርኩት አሜሪካ አይደለም። አዲስ አበባ፣ ሰፈራችን ሱቅ በር ላይ፣ ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ የተሠመረ ዳማ ነበር። ጠጠሮቹ የለስላሳና የቢራ ቆርኪ ናቸው፤ የአንዱ በሆዱ፣ የሌላው በጀርባው ይቀመጣል። ከሚጫወቱት ሁለቱ ይልቅ ዙሪያውን የቆሙት ነበሩ የሚናገሩት። ከእነሱ መሃል አንድ ተረበኛ አይጠፋም። እኔ ቆርኪዎቹን ሳይሆን እሱን አይ ነበር። ስለ ሰው መልክ፣ ስለ ሰው ድህነት፣ ስለ ሰው እናት ትንፍሽ አይልም። ነገሩን ሁሉ ከካርቶኑ ላይ ያነሣዋል፤ ቆርኪው ወዴት እንደሄደ፣ ለምን እንደዘገየ፣ ማን እንደላከው። የተተረበው ሰው ራሱ ቀድሞ ይስቃል። እሱ ካልሳቀ፣ ሌላው ሁሉ ቢስቅም ያ ተረብ ተበላሽቷል ብዬ ነው እስካሁን የማምነው።

እዚያው ከተማ ውስጥ መንገድ ዳር «ቀይዋን ያየ» የሚሉት የካርታ ጨዋታም ነበር። እሱ ሌላ ነገር ነው። አጫዋቹ ከተመልካች መሃል የራሱ ሰው አለው፣ ካርታው በእጁ ይቀየራል፣ የሚበላው አላፊ አግዳሚውን ነው። መናፈሻ ውስጥ ቼዝ በገንዘብ የሚጫወተውን ከዚያ ጋር የሚያመሳስሉት አሉ፤ እኔ አልስማማም። እዚህ የተደበቀ ካርታ የለም፤ ሠላሳ ሁለቱም ጠጠር ሰሌዳው ላይ ተዘርግቷል። ፊልም ሠሪው ስታንሊ ኩብሪክ ሳይታወቅ በፊት ኒውዮርክ፣ ዋሽንግተን ስኩዌር መናፈሻ ውስጥ ለጥቂት ሳንቲም እየተጫወተ ዕለቱን ይገፋ ነበር። ይህ በላብ የተገኘ ገንዘብ ነው። ሆን ብሎ ሁለት ጊዜ ተሸንፎ በሦስተኛው ሃያ ዶላር የሚያስይዝ ሰው ግን አለ፤ ከእሱ ጋር አልቀመጥም።

በውድድር አዳራሽ ግን የአፉ ጨዋታ ክልክል ነው። የዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ሕግ ተጋጣሚን በማንኛውም መንገድ ማወክን ይከለክላል። ቤንጃሚን ፍራንክሊንም እ.ኤ.አ. በ1786 ስለ ቼዝ ሥነ ምግባር ባሳተመው ጽሑፍ፣ ተጋጣሚህ ሲያስብ አታንጎራጉር፣ አታፏጭ፣ ጠረጴዛ አትቆርቁር እያለ መክሯል። እኔን የሚያስደስተኝ ግን ያው ፍራንክሊን ፓሪስ ላይ ያደረገው ነው። ቶማስ ጄፈርሰን እንደተረከው፣ ከቡርቦኗ ዱቼስ ጋር ሲጫወት ንጉሧን አስበላችው፤ እሱም አንሥቶ ወሰደው። እኛ ንጉሥ እንዲህ አንወስድም ብትለው፣ እኛ አሜሪካ ውስጥ እንወስዳለን አላት። አብዮት ያካሄደ አገር መልእክተኛ፣ በንጉሥ አገር፣ ለንጉሣዊ ቤተሰብ! ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንዳሰላሰልኩት አልቆጥረውም። ከሰሌዳው ነው የተነሣው፤ በሩን የከፈተችው ራሷ ናት፤ አጭር ነው፤ ፖለቲካው ከባድ ሆኖ ሳለ ሴትዮዋን አያቆስልም።

የእኛው የድሮ ቼዝ፣ ሰንጠረዥም ቢሆን የዝምታ ጨዋታ አልነበረም። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ በጻፈው ጥናት እንደሚነበበው፣ መጀመሪያው «ወረራ» ነው፤ ተራ መጠበቅ የለም፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። በምን እንዳሸነፍክም ይታያል፤ በደካማው ጠጠር፣ በፊል ወይም በፈርዝ፣ ንጉሡን ማጥመድ ከኃይለኛው ይልቅ ያስመሰግናል። ተረብም እንዲሁ ይመስለኛል። በትልቅ ቃል ሰው መጣል ቀላል ነው። በትንሽ ቃል ሲሆን ነው የሚያስጨበጭበው።

ሰሌዳው ራሱ ፖለቲካ ያቀርባል፤ ንጉሥ አለ፣ ወታደር አለ፣ ለማን ብሎ እንደሚሞት የማያውቅ። አንድ ቀን ከአንድ ጡረታ የወጡ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ጋር ተቀምጫለሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በመንግሥት ቢሮ ሠርተዋል፤ መንግሥት በጀት አጥቶ ሲዘጋ ደመወዝ ሳይከፈላቸው ሥራ የገቡበትን ጊዜ እንደ ዘመቻ ነው የሚያወሩት። ፈረሳቸውን በቢሾፕ አሰርኩት፤ ከተንቀሳቀሰ ከኋላው ያለችው ንግሥት ትበላለች። ሰዓቱን እየመታሁ «ፈረስዎ የዚህ ከተማ ሰው ሆነ፤ ግብር ይከፍላል፣ ድምፅ የለውም» አልኳቸው። ወደ 700 ሺህ የሚጠጋው የዲሲ ሕዝብ በኮንግረስ ድምፅ የሚሰጥ ተወካይ የለውም፤ ግብር ያለ ውክልና የሚለው እሮሮ በመኪናችን ታርጋ ላይ ሳይቀር ተጽፏል። ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ሳቁ። ሰዓታቸው እየሮጠ ነበር፤ አላስቸኮላቸውም። ንጉሥ ፊት የታሰረ ፈረስ በሕግ አይንቀሳቀስም፤ ንግሥት ፊት የታሰረ ግን ዋጋውን ከከፈለ ይችላል። ፈረሱን አንሥተው ቼክ አሉኝ። ንጉሤን ሳላሸሽ ንግሥታቸውን መንካት አልችልም። ሰዓቱን ቀስ ብለው ተጭነው «ዛሬ ድምፅ ሰጠ» አሉ።

ዙሪያችን የቆመው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። እንዲህ ያለ መልስ የሚወልድ ተረብ መወርወር ለእኔ ከአምስት ዶላሩ ይበልጣል።

ከአገር ሰው ጋር ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። በአገር ቤቱ የሰሜን ጦርነት ጊዜ በዚህ ከተማ ፖለቲካ ሲነሣ ወንበር የሚቀየርበት፣ የቆየ ወዳጅ በሌላ በር የሚወጣበት ወቅት ነበር። ሰሌዳው ያኔም ያገናኘን ነበር፤ ሌላ ቦታ ሰላም የማይባባሉ ሰዎች እዚህ ፊት ለፊት ይቀመጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ እሑድ፣ በሩቅ ከማውቀው የአገሬ ልጅ ጋር ገጠምን። ሰው ተሰልፎ ይጠብቅ ስለነበር «ሰላም ነው?» ተባብለን ሰዓቱን አስነሣን። ንጉሡን ከጠጠሮቹ ሁሉ ነጠልኩት። «መስመር ተቋርጦበታል፤ ቢደወልለትም አያነሣም» አልኩ።

እጁ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ሰዓቱን አቆመ፤ አልመታውም፣ አቆመው። አምስት ዶላሩን አውጥቶ ንጉሡ ሥር አስገባ። «እናቴ መቀሌ ናት። ድምፅዋን ከሰማሁ ወራት አልፈዋል» አለኝና ተነሣ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። ብሩን ይዤ ተከተልኩት፤ አልተቀበለኝም።

ያን ቀን የዘለልኩት ሰላምታውን ነበር። እኛ እኮ እንዴት ነህ ብለን አናበቃም። ቤተሰብ? እናት? አባት? ልጆች? አገር ቤት ሁሉ ደህና? ልጅ ሆኜ የሽማግሌ ጊዜ ማባከኛ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን አንድ ሰው «እናት?» ሲባል ለአፍታ ቆም ካለ፣ እጄ የት መሄድ እንደሌለበት አውቃለሁ። ከአገሬ ሰው ጋር ስቀመጥ ሰልፉ ቢረዝም፣ ከኋላ ቢጮኹብኝም፣ ሰላምታው እስኪያልቅ ሰዓቱን አልነካም። እናቱ የት እንዳለች ሳላውቅ ስለ ንጉሡ አልናገርም።

ሰውዬው ከዓመት በላይ ቆይቶ ተመለሰ። በጦርነቱ ተቋርጦ የነበረው የመቀሌ ስልክ ተከፍቶ እናቱን አግኝቷቸዋል፤ ይህን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። የሚጫወተው ከሌሎች ጋር ነው። አንዳንዴ ሳቁ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ይሰማኛል፤ ጥሩ ተረበኛ ነው፣ ከእኔ ይሻላል። ስንተላለፍ እንቆማለን። ስለ እናቱ እጠይቀዋለሁ፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል። ሰላምታችን ረዝሟል። ሰዓት ግን ገና አላስነሣንም።