ካምፕ ኑ ጢም ያለበት ምሽት

እ.ኤ.አ. በ2022 የባርሴሎና ሴቶች እግር ኳስ ቡድን ሪያል ማድሪድን 5 ለ 2 ሲረታ ካምፕ ኑ ስታዲየም 91,553 ተመልካች ገብቶ ነበር። የባርሴሎናዋ አሌክሲያ ፑቴያስም ግብ ካስቆጠሩት አንዷ ናት። ከሳምንታት በኋላ የጀርመኑ ቮልፍስቡርግ ለጨዋታ ሲመጣ ቁጥሩ 91,648 ደረሰ።

ይበልጥ የምደነቀው ግን ይህ የሴቶች እግር ኳስ ፍቅር አዲስ ባለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 በእንግሊዟ ሊቨርፑል ከተማ፣ ጉዲሰን ፓርክ፣ የዲክ ከር ፋብሪካ ሴቶችን ጨዋታ ለማየት 53,000 ያህል ሰው ታድሟል። ተጫዋቾቹ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጥይት ሲያመርቱ የኖሩ፣ የመግቢያውን ገቢ ለበጎ አድራጎት የሚሰጡ ሠራተኞች ነበሩ። በዓመቱ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር፣ ኳስ ለሴት አይሆንም ብሎ የአባል ክለቦቹን ሜዳ ከለከላቸው። እገዳው የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ! እነሱ ግን ያገኙት ሜዳ ላይ መጫወታቸውን አላቋረጡም።

እናንተም በሰፈራችሁ ሴት ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ካያችሁ፣ ቆም ብላችሁ አበረታቷቸው።