ለኢኤስፒ32 የሚገባው ምስጋና

ቤቱን በገዛ እጁ ስማርት ለማድረግ ለተነሳ ሰው ኢኤስፒ32ን አስቀድሜ እመክራለሁ። የሻንጋዩ ኤስፕሬሲፍ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ይህ ቺፕ ዋይፋይና ብሉቱዝ፣ እስከ 240 ሜጋኸርዝ የሚሠሩ ሁለት ኮሮችና 520 ኪሎባይት ራም አለው፤ ቺፑ የተገጠመበት ሰሌዳም መዳፍ ውስጥ ይገባል።

እኔን ከሁሉም የሚያስደንቀኝ እንቅልፉ ነው። የሮቶውን የውኃ መጠን እንዲከታተል ቢያዙት ይነቃል፣ ይለካል፣ በዋይፋይ ይልካል፣ ተመልሶ ይተኛል። በጥልቅ እንቅልፍ ላይ ሳለ ቺፑ የሚወስደው 10 ማይክሮአምፒር ገደማ ነው። እርግጥ ሰሌዳው ላይ ያለው የቮልቴጅ መቆጣጠሪያና ሁልጊዜ የምትበራዋ ትንሽ መብራት ይህን ቁጠባ ሊበሉት ይችላሉ፤ በባትሪ ለማሠራት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ እነዚህን ይመልከት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ደግሞ ፕሮግራሙ ውስጡ ስለሚቀመጥ ማንም ሳይነካው ሥራውን ይጀምራል፤ ለእኛ አገር ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አንድ ጠባይ ግን አለው። ዋይፋይ ሲጠቀም ኤዲሲ2 በተባለው የአናሎግ መለኪያ ክፍሉ ላይ ያሉት ፒኖች አያነቡም፤ ጀማሪ ሰው ሰሌዳው የተበላሸ ይመስለዋል። ስለዚህ ሴንሰርዎን ከ32 እስከ 39 ካሉት ፒኖች በአንዱ ላይ ያገናኙ፤ ለፒኑም ከ3.3 ቮልት በላይ አይስጡት።