በመጽሐፍ ሳምንት የትኛውን የኦሪት ትርጓሜ እንግዛ?



በየዓመቱ በሰኔ ወር ገደማ፣ ማለትም በዩኒ፣ በእስራኤል «ሽቩዓ ሃሴፈር» የሚባለው የዕብራይስጥ መጽሐፍ ሳምንት ይከበራል። አሳታሚዎች በየከተማው አደባባይ ጠረጴዛ ዘርግተው መጻሕፍትን በቅናሽ ይሸጣሉ። አንድ ለገዛ ሁለተኛውን በነጻ መስጠትም የተለመደ ነው። ብዙ ወላጆች ለልጆቻቸው የኦሪት ትርጓሜ ለመግዛት የሚያስቡት በዚህን ጊዜ ነው። ሐሳቡ የሚመሰገን ነው። ሆኖም ጀርባው በወርቅ ቀለም የተጻፈ መጽሐፍ ሁሉ ለቤታችን ይጠቅማል ማለት አይደለም። በርካሽ ተገዝቶ ማንም ሳይከፍተው መደርደሪያ ላይ የሚቀር መጽሐፍ፣ ምንም ቢረክስ ውድ ነው። ስለዚህ በገበያ ላይ የሚገኙትን ዋና ዋና ትርጓሜዎች መዝነን የትኛው ለማን እንደሚሆን የሚመስለንን እንናገራለን።

መጽሐፍን በሽፋኑ ሳይሆን በአንድ ጥቅስ መፈተን ይሻላል እንላለን። ለእኛ ቤተሰቦች የሚሆነው መፈተኛ ዘኁልቁ ምዕራፍ 12 ቁጥር 1 ነው። ማርያምና አሮን ሙሴ ስላገባት ሴት የተናገሩበት ቦታ ነው። ዕብራይስጡ ሴቲቱን «ኩሺት» ይላታል፤ ግዕዙና አማርኛው ግን «ኢትዮጵያዊት» ይሏታል። ይህ ክፍል የሚነበበው በፓራሻት ቤሃዓሎትኻ ሲሆን፣ ፓራሻው አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው በመጽሐፍ ሳምንት ሰሞን ነው። «ኩሺ» የሚለው ቃል ዛሬ በመንገድና በትምህርት ቤት ግቢ መስደቢያ ሆኖ ስለሚሰማ፣ ልጃችን ይህን ጥቅስ በክፍል ውስጥ ሲሰማ ጓደኞቹ ወደ እርሱ ዞር ብለው ማየታቸው አይቀርም። ማታ ቤት ሲመጣ «አባዬ፣ ይህ ምን ማለት ነው?» ቢል ምን መልስ አለን? የምንገዛው መጽሐፍ ለዚህ ጥያቄ የሚረዳን መሆን አለበት።

መጀመሪያ ራሺን እንይ። ራሺ በፈረንሳይ አገር በትሯ ከተማ ከ1040 እስከ 1105 የኖረ ሊቅ ነው። በእርሱ ትርጓሜ ሴቲቱ ጽፖራ ናት። «ኩሺት» የተባለችውም የኩሽ ሰው ጥቁረት በሁሉ ዘንድ የታመነ እንደሆነ ሁሉ፣ የእርሷም ውበት በሁሉ ዘንድ የታመነ ስለነበረ ነው። የቃሉ ፊደላት በቁጥር ሲደመሩ 736 ይሆናሉ፤ «መልከ መልካም» የሚለው የዕብራይስጥ አነጋገርም እንደዚሁ 736 ይሆናል። ደግሞም ሰው ቆንጆ ልጁን ዓይን እንዳያገኘው ብሎ «ኩሺ» እንደሚለው ነው ይላል። በአገራችንም ልጅን ከዓይን ለመጠበቅ በማይመጥነው ስም የመጥራት ልማድ ስለነበረ፣ እናቶቻችን ይህን ለመረዳት አይቸገሩም። በራሺ አተረጓጎም ማርያም የተናገረችው ሴቲቱን ንቃ ሳይሆን፣ ሙሴ ከሚስቱ በመለየቱ ለእርሷ ተቆርቁራ ነው። ይህን ለልጃችን ማስረዳት ብቻ ብዙ ቁስል ያሽራል።

ይሁን እንጂ ራሺን ብቻ የያዘ ልጅ ኩሽ የአገር ስም መሆኑን ከዚህ ጥቅስ ላይማር ይችላል። የራሺ የልጅ ልጅ የሆነው ራሽባም በተቃራኒው ነገሩን እንደ ቃሉ ይወስደዋል። ሴቲቱ ጽፖራ አይደለችም፤ ጽፖራ ምድያማዊት ናት፣ ይህችኛዋ ግን ከኩሽ አገር የመጣች ንግሥት ናት ይላል። ሙሴም በዚያ አገር አርባ ዓመት ነግሦ እንደነበረ የሚናገረውን የጥንት ታሪክ ይጠቅሳል። ኢብን ዕዝራ ደግሞ ሴቲቱ ጽፖራ ናት ይላል፤ የምድያም ሰዎች በድንኳን የሚኖሩና ፀሐይ ያጠቆራቸው ስለነበሩ እርሷም ኩሺት ትመስል ነበር ብሎ ይተረጉማል። እንግዲህ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ቃል ላይ ሳይስማሙ ሁለቱም ተከብረው ይኖራሉ። ልጃችን ከዚህ የሚማረው የቃሉን ትርጉም ብቻ አይደለም፤ በአይሁድ ትምህርት መጠየቅና አለመስማማት ነውር አለመሆኑንም ይማራል።

አሁን ወደ መግዛቱ እንምጣ።

አንደኛ፣ በትንሽ ገንዘብ አንድ ነገር ብቻ መግዛት የሚችል ቤተሰብ ሑማሽ ከራሺ ጋር ይግዛ። ትምህርት ቤት የሚጠየቀው በአብዛኛው እርሱ ነውና። ከመክፈላችሁ በፊት ግን መጽሐፉን ክፈቱ። የራሺ ትርጓሜ በተለመደው የዕብራይስጥ ፊደልና በኒቁድ የታተመ መሆኑን ተመልከቱ። «የራሺ ፊደል» የሚባለው ክብ ክብ ጽሕፈት የራሺ የእጅ ጽሑፍ አይደለም፤ አታሚዎች ከሰፋራድ አይሁድ የእጅ ጽሕፈት የወሰዱት ነው፤ በ1475 በኢጣልያ አገር በሬጆ ዲ ካላብሪያ የታተመው የራሺ መጽሐፍም በዚሁ ፊደል ነበር። ገና ኡልፓን ላይ ላለ ሰው ይህ ፊደል ሁለተኛ ተራራ ስለሚሆንበት፣ በእርሱ የታተመውን ለጊዜው መተው ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ዕብራይስጣቸው መካከለኛ ለሆነ ወላጆች የራቭ ዓዲን ሽታይንዛልጽ ትርጓሜ ይመቻል። እኚህ ሊቅ በ1937 በኢየሩሳሌም ተወልደው በ2020 ያረፉ ናቸው። ትርጓሜያቸው አጭር ነው፤ በዛሬ ዕብራይስጥ በጥቅሱ ቃላት መካከል እየገባ ያብራራል። ጉድለቱ አንባቢው የሊቃውንቱን ክርክር ሳያይ የተዘጋጀ መልስ መቀበሉ ነው። ለመግባት ጥሩ በር ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ መቅረት ግን አይገባም።

ሦስተኛ፣ ለባግሩት የሚዘጋጅ ልጅ ያለው ቤት የነኻማ ለይቦቪጽን «ዒዩኒም» ቢገዛ አይቆጭም። እኚህ መምህር በ1905 በሪጋ ተወልደው በ1997 በኢየሩሳሌም ያረፉ ሲሆን፣ ከ1942 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በየሳምንቱ የጥያቄ ወረቀት እያዘጋጁ ሕዝቡን ያስተምሩ ነበር። በ1956 የእስራኤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። የእርሳቸው ዘዴ «ራሺን የከበደው ምን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱን ብቻ ሳይሆን መልሱን የወለደውን ችግር ያሳያሉ። ዕብራይስጡ ግን ከበድ ስለሚል ለጀማሪ አይሆንም።

አራተኛ፣ ሞሳድ ሃራቭ ኩክ ያሳተመው «ዳዓት ሚቅራ» መላውን ታናኽ በ30 ቅጾች ያብራራል። የሃይማኖትን መንገድ ሳይለቅ የአገር አቀማመጥንና የጥንት ታሪክን ስለሚጨምር፣ በየክፍሉም ማጠቃለያ ስላለው ጠቃሚ ነው። ሆኖም ሙሉውን በአንድ ቀን ግዙ አንልም። ልጁ በዚህ ዓመት የሚማረው ኢያሱን ከሆነ የኢያሱን ቅጽ ብቻ መግዛት ይበቃል። «ዖላም ሃታናኽ» የተባለው ባለ ሥዕል መጽሐፍ ደግሞ የተጻፈው በዩኒቨርሲቲ ምሁራን መንገድ ነው። ሥዕሎቹና ካርታዎቹ ለልጆች ደስ ይላሉ፤ ነገር ግን ከቤተ መጻሕፍት ተውሶ ማየቱ ይበቃል ብለን እናስባለን።

አምስተኛ፣ ራሺን፣ ራሽባምን፣ ኢብን ዕዝራንና ራምባንን ባንድ ገጽ የሚያሰባስበው «ሚቅራኦት ግዶሎት» ነው። ይህ ዓይነት መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በቬኒስ በ1517 ነው። ከላይ ያየነውን የአያትና የልጅ ልጅ ክርክር የሚያሳየን እርሱ ስለሆነ ከሁሉ የበለጠው ነው። ዛሬ ግን እነዚህ ትርጓሜዎች «ሰፋሪያ»ን በመሳሰሉ የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት ያለ ክፍያ ይነበባሉ። ስለሆነም በስልክ ማንበብ የሚችል ወጣት ያለበት ቤት ገንዘቡን ለሌላ መጽሐፍ ቢያውለው ይሻላል። ሻጭ ሙሉ ስብስቡን በብዙ ታሽሉሚም ልስጣችሁ ቢል፣ የወሩን ሳይሆን ጠቅላላውን ዋጋ ጠይቁ፤ ቤት ሄዳችሁም ተማከሩ።

በመጨረሻ በየትኛውም ጠረጴዛ ላይ ስለማይሸጠው ትርጓሜ መናገር አለብን። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 23 ቁጥር 15 ከሰንበት ማግሥት ጀምሮ ሰባት ሳምንት እንዲቆጠር ያዛል። ራሺ «ሰንበት» ያለው የፋሲካን የመጀመሪያ በዓል ነው ብሎ ስለሚተረጉም ሻቩዖት በሲቫን 6 ይውላል። የቤተ እስራኤል ቄሶች ግን መቁጠር የሚጀምሩት የፋሲካ ሰባት ቀን ካለቀ በኋላ ስለነበረ፣ በዓለ ማዕረር በሦስተኛው ወር በ12ኛው ቀን ይውል ነበር። ራሺ በፈረንሳይ፣ ራምባንም በስፔን ሲጽፉ ይህን አቆጣጠር የሚሰሙበት መንገድ አልነበራቸውም። በመጽሐፋቸው አለመጠቀሱ አባቶቻችን ኦሪትን አያውቁም ነበር ማለት አይደለም። አባቶቻችንም ያንኑ ጥቅስ አንብበው፣ ተርጉመው፣ በትርጓሜያቸው መሠረት በዓሉን አክብረዋል። ልጅ «አያቴ ተሳስቶ ኖሯል» ብሎ እንዳያፍር ይህን ከወላጁ መስማት አለበት።

ስለዚህ ከምትገዙት መጽሐፍ ጋር አንድ ባዶ ደብተር አብራችሁ ግዙ። ፓራሻውን ከልጆቻችሁ ጋር ስታነቡ፣ ቄሱ ወይም አያት የሚናገሩትን በአማርኛም ሆነ በትግርኛ ጻፉት፤ መጻፍ የማይችል በስልኩ ይቅዳው። ራሺም የመምህራኑን ቃል ባይጽፍልን ኖሮ ዛሬ በቅናሽ የምንገዛው ነገር ባልኖረ ነበር።

ቶራን ለልጆቻችን፣ ልጆቻችንንም ለቶራ ያቆይልን። መልካም ንባብ!